ስልኩ ሲዞር ማመልከቻው እንዳይጠፋ

ስለ ስክሪን አቅጣጫና ስለ መተግበሪያ አሠራር በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር

የሰው ልጅ የሚገለገልበት መሣሪያ እየረቀቀ በሄደ መጠን፣ ትንሽ መስሎ የሚታየው ነገር ትልቅ ጉዳይ የሚያስከትልበት ጊዜ እየበዛ ይሄዳል። የእጅ ስልክን ከቁም ወደ አግድም ማዞር ከዚህ ዓይነት ነገሮች አንዱ ነው። ስልኩን የሚያዞረው ሰው እጁን አንድ ጊዜ ከማንቀሳቀስ በቀር ሌላ ሥራ የሠራ አይመስለውም። በስልኩ ውስጥ ግን በዚያች ቅጽበት አንድ ሙሉ ገጽ ፈርሶ እንደገና ሊሠራ ይችላል። ገጹ ሲፈርስ በላዩ ላይ የተሞላው ጉዳይ ምን ይሆናል? የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው።

ይህ የፕሮግራመሮች ጉዳይ እንጂ የእኛ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በዛሬው ጊዜ ማመልከቻ የሚቀርበው፣ ክፍያ የሚፈጸመው፣ ቀጠሮም የሚያዘው ከቀን ወደ ቀን በስልክ እየሆነ መሄዱን ሁላችንም እናያለን። መተግበሪያውን የሚያሠራው፣ ሥራው ሲያልቅ የሚረከበው፣ ለባለጉዳዩም «በዚህ ተጠቀም» ብሎ የሚሰጠው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የሚረከበውን ዕቃ ጠባይ ያላወቀ ተረካቢ ጉድለቱን የሚያውቀው ባለጉዳዩ አቤቱታ ይዞ ሲመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ብንመረምረው መልካም ይሆናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናመለክታለን።

ቁምና አግድም

ወረቀትን በቁሙ መያዝ የቆየ ልማድ ነው። ደብዳቤው፣ ዶሴው፣ መጽሐፉም አብዛኛውን ጊዜ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ ይበልጣል። ዐይን አጭር መስመር ጨርሶ ወደሚቀጥለው መስመር መውረድ ይቀለዋልና። ሰፊ ሠንጠረዥና ፊልም ግን በአግድም ሲሆኑ ይመቻሉ፤ ሁለቱ ዐይኖቻችን ጎን ለጎን የተቀመጡ ስለሆኑ ዕይታችን ወደ ጎን ይሰፋል። እንግዲህ አንዱ አቀማመጥ ለሁሉ ነገር የሚበቃ አይደለም።

በ1973 ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የምርምር ማዕከሉ የሠራው አልቶ የተባለ ኮምፒውተር፣ ስክሪኑ እንደ ጽሕፈት ወረቀት በቁም የተተከለ ነበር፤ ወርዱ 606፣ ቁመቱም 808 ነጥብ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ የቴሌቪዥንን አርአያ ተከትለው አግድም ሆኑ። ሁለቱንም አቀማመጥ እንደ ባለቤቱ ፈቃድ የሚቀበል ስክሪን በብዙ ሕዝብ እጅ የገባው ግን በእጅ ስልክ አማካይነት ነው። በ2007 አፕል ኩባንያ ያወጣው አይፎን፣ ስልኩ ወደ ጎን ሲዞር ሥዕሉም አብሮ እንዲዞር ተደርጎ ተሠራ። በ2008 የወጣው የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ኤች.ቲ.ሲ. ድሪም ደግሞ፣ ከሥሩ ያለው የፊደል ገበታ ተስቦ ሲወጣ ስክሪኑ ወደ አግድም ይለወጥ ነበር። በ2009 የወጣው አንድሮይድ 1.5 ስልኩ በእጅ ሲዘነበል ብቻ ስክሪኑ እንዲዞር አደረገ።

ስልኩ መዞሩን የሚያውቀው አክሰለሮሜትር በተባለ እጅግ ትንሽ መሣሪያ ነው። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ከሲሊከን የተሠራች ቅንጣት በቀጫጭን ሞላዎች ተንጠልጥላ ትገኛለች። የመሬት ስበት ወደ ታች ሲጎትታት ከቦታዋ ጥቂት ፈቀቅ ትላለች፤ ይህም ፈቀቅታ በኤሌክትሪክ ይለካል። መሣሪያው ይህን በሦስት አቅጣጫ፣ ማለትም በስልኩ ወርድ፣ በቁመቱና በውፍረቱ ይለካና 9.8 ሜትር በሰከንድ በሰከንድ የሆነው የስበት ኃይል በየትኛው ወገን እንዳረፈ ይናገራል። ስበቱ በቁመቱ ካረፈ ስልኩ ቆሟል፤ በወርዱ ካረፈ ተጋድሟል ማለት ነው። ስልኩ በጠረጴዛ ላይ በጀርባው ሲቀመጥ ግን ስበቱ በሙሉ በውፍረቱ ስለሚያርፍ፣ መሣሪያው ቁሙን ከአግድሙ መለየት አይችልም። በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ ብናዞረውም ስክሪኑ አልዞር የሚለን ስለዚህ ነው፤ ተበላሽቶ አይደለም።

ገጹ ለምን ይፈርሳል?

በአገራችን በብዛት የሚገኘው የአንድሮይድ ስልክ ስለሆነ ንግግራችንን በእርሱ ላይ እናድርግ። በአንድሮይድ መተግበሪያ ውስጥ በፊታችን የምናየውን ገጽ የሚያስተዳድረው ክፍል አክቲቪቲ ይባላል። ስልኩ ሲዞር ሥርዓቱ ይህን አክቲቪቲ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ አስቁሞ ያፈርሰዋል። ወዲያውም በምትኩ ሌላ ይፈጥራል። በፕሮግራመሮች አነጋገር ኦንፖዝ፣ ኦንስቶፕና ኦንዲስትሮይ የተባሉት ተግባራት በተራ ተጠርተው አሮጌው ይሰናበታል፤ ከዚያም ኦንክሪዬት የተባለው ተጠርቶ አዲሱ ይወለዳል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚፈጸም ተጠቃሚው የሚያየው የስክሪኑን መዞር ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ፕሮግራመሩ ለቁም አንድ፣ ለአግድም ሌላ የገጽ አቀራረብ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ለአግድም የሚሆነውን ሌይአውት ላንድ በሚባል ማኅደር ያኖረዋል። አዲሱ አክቲቪቲ ሲፈጠር ለአዲሱ አቅጣጫ የሚስማማውን ከማኅደሩ አውጥቶ ይዘረጋል። አንድ ቤት ለክረምትና ለበጋ የተለያየ የውስጥ አደላደል እንዲኖረው ተፈልጎ በየጊዜው ሲፈርስና ሲሠራ እንደ ማለት ነው። ቤቱ ሲፈርስ ዕቃው አስቀድሞ ከወጣ ጉዳት የለም፤ ዕቃው በውስጡ ሳለ ከፈረሰ ግን ጥፋት ነው። የፕሮግራመሩም ሙያ የሚፈተነው ዕቃውን በወቅቱ በማውጣቱ ላይ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት የልጇን ልደት ለማስመዝገብ በስልኳ ማመልከቻ ትሞላለች እንበል። የልጁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀን ጻፈች። ቀበሌዋን ከዝርዝር መረጠች። የሐኪም ቤቱን ወረቀትም ፎቶ አንሥታ አያያዘች። ወደ ሦስተኛው ገጽ ከደረሰች በኋላ በፎቶው ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበብ እንደሆነ ለማየት ስልኩን ወደ ጎን አዞረችው። በጣቷ በተራ የጽሕፈት ሣጥኖች ውስጥ የጻፈችው፣ ሣጥኖቹ የየራሳቸው መለያ ያላቸው እንደሆነ፣ ሥርዓቱ ራሱ ይጠብቅላታል። ፕሮግራመሩ በገዛ እጁ በአክቲቪቲው ውስጥ ያኖረው ነገር ግን፣ ማለትም የተመረጠው ቀበሌ፣ የተያያዘው ፎቶና ሦስተኛው ገጽ ላይ መድረሷ፣ እርሱ ካላሰበበት በስተቀር ይጠፋል።

ግማሹ ተርፎ ግማሹ የጠፋ ማመልከቻ ፈጽሞ ባዶ ከሆነው ይልቅ ይከፋል። ባዶ ገጽ ያየ ሰው ተናዶም ቢሆን እንደገና ይሞላል። ስሙን በቦታው ያየ ሰው ግን ሁሉ ነገር እንደ ነበረ መስሎት ላክ የሚለውን ይጫናል። ፎቶው ያልተያያዘበት ማመልከቻም ከመሥሪያ ቤቱ ይደርሳል፤ መርማሪው «ማስረጃ ያልተሟላ» ብሎ ይመልሰዋል። ባለጉዳይዋ «አያይዤ ነበር» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ሠራተኛው «አልደረሰኝም» ይላል፤ እርሱም እውነቱን ነው። በሁለት እውነተኞች መካከል ጠብ የሚያስነሣው በስልኩ ውስጥ ሳይታይ የፈረሰው ገጽ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። አንዳንድ ፕሮግራመር ገጹ ሲከፈት ወዲያው እንዲፈጸም የሚፈልገውን ሥራ በኦንክሪዬት ውስጥ ይጽፈዋል። ያ ሥራ የክፍያ ትእዛዝ መላክ ቢሆንስ? ባለጉዳዩ መልስ በመጠባበቅ ላይ ሳለ ስልኩ ቢዞር አክቲቪቲው እንደገና ይፈጠራል፤ ኦንክሪዬትም እንደገና ይጠራል፤ ትእዛዙም ሁለተኛ ጊዜ ይላካል። ስለዚህ ገንዘብን የሚመለከት ትእዛዝ ሰው ሲጫነው እንጂ ገጽ ሲከፈት መላክ የለበትም። እያንዳንዱም ትእዛዝ ከመላኩ በፊት የራሱ የሆነ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። ተቀባዩ ኮምፒውተር ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ሲያይ፣ መዝገብ ቤት አንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ እንደማይመዘግብ ሁሉ፣ ትእዛዙን ሁለተኛ አይፈጽመውም።

ስክሪኑን መቆለፍ መድኃኒት ነውን?

ይህ ችግር የገጠመው ፕሮግራመር ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚያስበው ስክሪኑ ከቶ እንዳይዞር ማድረግን ነው። ማኒፌስት በተባለው የመተግበሪያው መግለጫ ውስጥ ስክሪን ኦሪየንቴሽን የሚል ቦታ አለ። በዚያ ላይ ፖርትሬት ብሎ ቢጽፍ ገጹ በቁም፣ ላንድስኬፕ ብሎ ቢጽፍ በአግድም ይጸናል። ምንም ካልጻፈ ምርጫው ለሥርዓቱ ይተዋል። አንድ ቃል ጽፎ ችግሩን ማጥፋት የሚቻል ስለሚመስል ይህ መንገድ በጣም የተለመደ ነው።

ነገር ግን ቁልፉ በሽታውን ሸፈነው እንጂ አላዳነውም። አክቲቪቲውን የሚያፈርሰው የስልኩ መዞር ብቻ አይደለምና። ተጠቃሚው የስልኩን ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ቢለውጥ፣ የፊደሉን መጠን ቢያሳድግ፣ ብርሃናማውን ገጽ ወደ ጨለማ ቢቀይር፣ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ሌላ መተግበሪያ በጎን ቢከፍት፣ ወይም የሚታጠፍ ስልክ ቢዘረጋ ያው መፍረስ ሊደርስ ይችላል። በተጨማሪም የማስታወሻ አቅማቸው አነስተኛ በሆነ ስልኮች ላይ፣ ካሜራው ተከፍቶ ፎቶ በሚነሣበት ጊዜ ሥርዓቱ ቦታ አንሶት ከኋላ የቀረውን መተግበሪያ በሙሉ ሊዘጋው ይችላል። እንግዲህ ስክሪኑ የተቆለፈ ቢሆንም ያች እናት ፎቶዋን አንሥታ ስትመለስ ማመልከቻዋን ላታገኘው ትችላለች።

ሁለተኛው መንገድ ኮንፊግ ቼንጅስ የሚባለው ነው። በዚህ መንገድ ፕሮግራመሩ ሥርዓቱን «ስልኩ ሲዞር ገጼን አታፍርስብኝ፣ ለውጡን ራሴ አስተናግዳለሁ» ይለዋል። ለዚህም ኦሪየንቴሽን ከሚለው ቃል ጋር ስክሪን ሳይዝ የሚለውን አብሮ መጻፍ ያስፈልገዋል፤ ከአንድሮይድ 3.2 ጀምሮ ስልኩ ሲዞር የስክሪኑ መጠንም እንደ ተለወጠ ይቆጠራልና። ይህ መንገድ እንደ ፊልም ማሳያ ላሉ ገጾች ይጠቅማል፤ በየመዞሩ ፊልሙ እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ሆኖም «ራሴ አስተናግዳለሁ» ያለ ሰው ሁሉንም ማስተናገድ አለበት። መተግበሪያው በሥርዓቱ ሲዘጋ ግን ይህም ቃል ኪዳን አይጠቅመውም።

ሦስት የማስቀመጫ ቦታዎች

እውነተኛው መድኃኒት ዕቃውን ከሚፈርሰው ቤት አውጥቶ ማስቀመጥ ነው። አንድሮይድ ለዚህ ሦስት ቦታ አለው፤ እኛም በመሥሪያ ቤታችን ከምናውቀው አሠራር ጋር ብናስተያየው በቀላሉ ይገባናል።

የመጀመሪያው ቪው ሞዴል ይባላል። ይህ በጎን ባለው ክፍል ተቀምጦ ዶሴውን እንደሚጠብቅ ጸሐፊ ነው። አለቃው ቢሮ ቢቀይር ጸሐፊው ዶሴውን እንደ ያዘ ይቆያል፤ አዲሱ ቢሮ ሲከፈትም መልሶ ያቀርባል። ጉግል ኩባንያ ይህን ክፍል በ2017 ለፕሮግራመሮች አቀረበ። አክቲቪቲው በመዞር ምክንያት ቢፈርስም ቪው ሞዴል አይፈርስም፤ ከሩቅ ኮምፒውተር የሚጠበቅ መልስም ቢሆን እርሱ ዘንድ ይደርሳል። ነገር ግን መተግበሪያው በሙሉ በሥርዓቱ ከተዘጋ ቪው ሞዴልም አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው ኦንሴቭ ኢንስታንስ ስቴት የሚባለው ተግባር ነው። ይህ ከቢሮው የሚወጣ ሰው በኪሱ የሚይዘውን ቁራጭ ወረቀት ይመስላል። ሥርዓቱ አክቲቪቲውን ከማፍረሱ በፊት «የምታስታውሰውን ጻፍ» ይለዋል፤ አዲሱ ሲፈጠርም ወረቀቱን ይሰጠዋል። ይህ ማስታወሻ መተግበሪያው በሥርዓቱ ቢዘጋም እንኳ ይቆያል። ዛሬ በብዙ መተግበሪያዎች የሚሠራበት ኮምፖዝ የተባለው የገጽ አሠራርም ሪሜምበር ሴቨብል የሚል ተመሳሳይ መንገድ አለው፤ ሪሜምበር ብቻ ተብሎ የተጻፈው ግን ገጹ ሲፈርስ ይጠፋል። ቁራጭ ወረቀት መጠኑ ትንሽ መሆኑን መርሳት አይገባም። ይህ ወረቀት የሚያልፍበት መንገድ ለመተግበሪያው በጠቅላላው 1 ሜጋ ባይት ያህል ቦታ ብቻ ያለው ሲሆን፣ ጉግልም የሚቀመጠው ከ50 ኪሎ ባይት እንዳይበልጥ ይመክራል። አንድ የስልክ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ፎቶውን በወረቀቱ ላይ ለማኖር የሚሞክር ፕሮግራመር መተግበሪያው በድንገት እንዲቆም ያደርጋል። ፎቶው በፋይል ተቀምጦ በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው አድራሻው ብቻ መሆን አለበት።

ሦስተኛው በስልኩ ውስጥ ያለው ቋሚ ማከማቻ ነው፤ ይህ መዝገብ ቤታችን ነው። ያልተላከ ማመልከቻ እንደ ረቂቅ በየመስኩ እየተመዘገበ ከቆየ፣ ስልኩ ቢዞርም፣ መተግበሪያው ቢዘጋም፣ ባትሪው አልቆ ስልኩ ቢጠፋም እንኳ ባለጉዳዩ በሚቀጥለው ቀን ካቆመበት ይጀምራል። መብራት በሚቋረጥበትና የስልክ መስመር በሚደክምበት ቦታ ይህ አሠራር ምን ያህል እንደሚጠቅም ለእናንተ መንገር አያሻም።

እንግዲህ ደንቡ እንዲህ ነው። በገጹ ላይ ለጊዜው የሚሠራበት በቪው ሞዴል፣ ጥቂት ምልክትና ቁጥር በማስታወሻው፣ የሰው ድካም የወጣበት ደግሞ በቋሚው ማከማቻ ይቀመጥ። ይህ ከተጠበቀ ስክሪኑ ቢዞርም ባይዞርም የሚያስፈራ ነገር የለም።

ከዚህ ጋር የገጹን አቀራረብ ማሰብም ተገቢ ነው። ብዙ ስልኮች በቁም ሲያዙ ወርዳቸው ከ360 እስከ 412 ዲፒ አካባቢ ነው፤ ዲፒ ማለት የኢንች 1/160 ያህል የሚሆን የአንድሮይድ መለኪያ ነው። ስልኩ ሲጋደም ይህ ወርድ ቁመት ይሆናል፤ የፊደል ገበታው ሲወጣም ለገጹ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ገጹ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ካልሆነ፣ ላክ የሚለው ቁልፍ ከፊደል ገበታው ሥር ተደብቆ ይቀራል።

በአይፎን ላይ ነገሩ ጥቂት ይለያል። በዚያ መተግበሪያው የሚቀበላቸውን አቅጣጫዎች ኢንፎ ፒሊስት በተባለ መግለጫ ይዘረዝራል። ስልኩ ሲዞር ገጹን የሚያስተዳድረው ክፍል አይፈርስም፤ አዲሱ መጠን ይነገረውና ራሱን ያስተካክላል። ስለዚህ በአይፎን ላይ ብቻ የተሞከረ መተግበሪያ በአንድሮይድም ያው ይሆናል ብሎ መረከብ አይገባም።

ስለ ባለጉዳዩ መብት

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ሥራው ጥራት ነበር። አሁን ደግሞ ከጥራት በላይ የሆነውን እንመልከት። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አንድ ሰው ታብሌቱ በወንበሩ ክንድ ላይ በአግድም ታስሮ ሊሆን ይችላል። እጁም ስለማይታዘዝለት ሊያዞረው አይችልም። በቁም የተቆለፈ መተግበሪያ ለዚህ ሰው ጽሑፉን ወደ ጎን አጋድሞ ያሳየዋል፤ እርሱም አንገቱን አዘንብሎ ለማንበብ ይገደዳል። ዐይናቸው የደከመ ሰዎችም ፊደሉን አሳድገው በአግድም ማንበብ የሚመርጡበት ጊዜ አለ፤ በረዥሙ መስመር ላይ ብዙ ቃል ይገባላቸዋልና።

ስለዚህ ነገር ዎርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር በጁን 2018 ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ 2.1፣ በቁጥር 1.3.4 ላይ ግልጽ ቃል አስፍሯል። አሳቡም፣ ለሥራው የግድ ካልሆነ በቀር ገጽ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲታይ መገደድ የለበትም የሚል ነው። የግድ ለሚሆነውም የባንክ ቼክን፣ የፒያኖ መጫወቻን፣ በፕሮጀክተር የሚታይ ሥላይድን በምሳሌነት ጠቅሷል። በአውሮጳ ኅብረት አገሮችም ቁጥሩ 2016/2102 በሆነው ደንብ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የስልክ መተግበሪያዎች ከጁን 23 ቀን 2021 ጀምሮ የተደራሽነትን መለኪያ እንዲያሟሉ ታዟል፤ የስክሪን አቅጣጫም በመለኪያው ውስጥ ይገኛል። ማመልከቻ መሙላት ፒያኖ መጫወት አይደለምና፣ የማመልከቻ ገጽን በቁም ብቻ ለመቆለፍ በቂ ምክንያት ማግኘት ይከብዳል።

በሌላ በኩል ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ ስክሪኑ እንዳይዞር የሚፈልግበት ጊዜ አለ። በአልጋው ላይ በጎኑ ተኝቶ የሚያነብ ሰው ኦቶ ሮቴት የሚለውን ያጠፋል። ይህን ፈቃዱን ማክበር ተገቢ ነው። በማኒፌስቱ ውስጥ ሴንሰር ብሎ የጻፈ ፕሮግራመር የተጠቃሚውን ቁልፍ ረግጦ ስክሪኑን ያዞርበታል፤ ዩዘር ወይም ፉል ዩዘር ብሎ የጻፈው ግን የተጠቃሚውን ምርጫ ይጠብቃል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ፕሮግራመሩ በራሱ ፈቃድ በመሄዱና ባለጉዳዩን በማክበሩ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

አሁን ደግሞ የአንድሮይድ ሕግ ራሱ ወደዚሁ እየሄደ ነው። በ2025 የወጣው አንድሮይድ 16፣ ለእርሱ ተብሎ በተዘጋጀ መተግበሪያ ውስጥ የተጻፈውን የአቅጣጫ ቁልፍ፣ አጭሩ ጎኑ 600 ዲፒ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ስክሪን ላይ አይቀበለውም። ይህም ታብሌቶችንና ሲዘረጉ ሰፊ የሚሆኑ ስልኮችን ማለት ነው። ጨዋታዎች ከዚህ ነጻ ናቸው። ለጊዜው ከደንቡ ለመውጣት የሚያስችል ፈቃድ ቢኖርም፣ ለሚቀጥለው ደረጃ፣ ማለትም ለኤ.ፒ.አይ. 37 በሚዘጋጁ መተግበሪያዎች ላይ ፈቃዱ እንደማይሠራ ጉግል አስታውቋል። እንግዲህ ቁልፍን ተማምኖ የተሠራ መተግበሪያ፣ ቁልፉ በታብሌት ላይ ሲከፈትበት ጉድለቱ በአደባባይ ይታያል።

ስንረከብ ምን እንመርምር?

ይህን ሁሉ ለማወቅ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የተሠራለትን መተግበሪያ ከመፈረሙ በፊት ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሊፈትነው ይችላል። ማመልከቻውን ከፍቶ እስከ አጋማሹ ይሙላ፤ ከዝርዝርም ይምረጥ፤ ፎቶም ያያይዝ። ከዚያም ኦቶ ሮቴትን አብርቶ ስልኩን ወደ ጎን ያዙር፣ መልሶም ያቁም፤ የሞላውንም አንድ በአንድ ይቁጠር። ቀጥሎ በመካከል የፊደሉን መጠን ይለውጥ፤ ስክሪኑንም ለሁለት ይክፈል። ክፍያ ካለበት፣ መልስ በሚጠበቅበት ጊዜ ስልኩን ያዙርና ትእዛዙ አንድ ጊዜ ብቻ መመዝገቡን ከተቀባዩ ወገን ያረጋግጥ። ኦቶ ሮቴትን ካጠፋ በኋላ ደግሞ ገጹ ያለ ፈቃዱ ይዞር እንደሆነ ይመልከት።

አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። በአንድሮይድ ስልክ የፕሮግራመሮች ምርጫ በሚባለው ክፍል ውስጥ፣ ተጠቃሚው ከገጹ እንደ ወጣ አክቲቪቲው ወዲያው እንዲፈርስ የሚያደርግ ማብሪያ ይገኛል። ይህ ሲበራ ወደ ካሜራው ሄዶ መመለስ ብቻ ድብቁን ጉድለት ያወጣዋል። መተግበሪያውን የሠራው ሰው ይህን ፈተና በፊታችን እንዲያደርግልን መጠየቅ መብታችን ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ነገሩን አስቀድሞ በውሉ ላይ ማስፈር ነው፤ ይኸውም «መተግበሪያው በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፣ ሲዞርም ሆነ ሲዘጋ ባለጉዳዩ የሞላው አይጠፋም» የሚል አንድ መስመር ነው። በውል ያልተጻፈ ነገር ከርክክብ በኋላ በልመና እንጂ በመብት አይጠየቅም።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፤ ባለጉዳይ በመስኮታችን ፊት ቆሞ ማመልከቻ ሲሞላ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቆ የሚቀድድ ሠራተኛ በመካከላችን የለም፤ ቢኖርም ዝም ብለን አናየውም። ዛሬ ግን መስኮቱ በባለጉዳዩ እጅ ውስጥ ገብቷል፤ እኛም በአጠገቡ የለንም። ስለዚህ መተግበሪያውን ለሕዝብ ከመስጠታችን በፊት በገዛ እጃችን እናዙረው፤ የጠፋ ነገር ካለም ፊርማችንን ሳናኖር ለሠሪው እንመልስለት።